በእኔ ስም «ፕረዘንት» የሚለው

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ነው። ዱከም አንድ ፋብሪካ የእንግሊዝኛ ሰርተፊኬት ላለው ሰው ጥሩ ሥራ ይሰጣል ሲሉኝ፣ ሰበታ የሦስት ወር ኮርስ ተመዘገብኩ። ሁለት ቀን ተምሬ ሰለቸኝ። አብሮኝ የሚማረውን ቶሎሳን «ስሜ ሲጠራ ‹ፕረዘንት› በልልኝ» ብዬው፣ ወደ ታክሲ ረዳትነቴ ተመለስኩ። ቀሪ የበዛበት ሰርተፊኬት አያገኝም።

የኮርሱ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ለቶሎሳ ደወልኩለት።

«አንተ፣ እኔ እኮ ሆለታ አበባ እርሻ ከገባሁ ሁለት ወር አለፈኝ!» ብሎ ሳቀ።

አለቀልኝ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አቴንዳንስ ሳይ ግን፣ በስሜ ትይዩ አንድም ቀሪ የለም። ደስ ይበለኝ ልፍራ ግራ ገባኝ። ገብቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ቲቸር ስም መጥራት ጀመረ። የእኔ ስም ደረሰ፤ «ገመቹ!»

አፌን ሳልከፍት፣ ከኋላ ጥግ «ፕረዘንት፣ ቲቸር!» የሚል ድምፅ መጣ። የእኔው ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከእኔ ይሻላል። ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ዴስኩ ላይ እስከ መጨረሻው ገጽ የተጻፈበት ደብተር ተዘርግቷል።

ቲቸር ወደ ባዶው ወንበር ፈገግ ብሎ «ጎበዝ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ፣ ወንድሜ? አዲስ ተመዝጋቢ ነህ?»