ፓምፕ አዳማጩ ነስሩ

ነስሩ የፓምፑን ኩሽኔታ በናፍጣ ያጥባል። በአውራ ጣቱ ያሽከረክረዋል፣ በአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ግራሶውን በትንሿ ጣቱ እየቆነጠረ ይሞላዋል። የግራ እጁ አመልካች ጣት ጥፍር ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሞተር ቺንጋ በልቶታል። ሠላሳ ዓመት በአጥር ተዋስነን ስለኖርን ያንን እጅ እንደ ራሴ እጅ አውቀዋለሁ።

ሆሳዕና ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ሮቶ ያለው ሁሉ ፓምፑን ያስነሣል፤ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ከሞርሲቶም ከዳምቦያም በጆንያ ጠቅልለው ያመጡለት ነበር። እሱ ቶሎ አይፈታም። መጀመሪያ ያስነሣውና የካቻቢቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል።

“ስልኩ ተነሣ?” ይለዋል ባለ ፔንሲዮኑ ዳኘ። “ሰላም በልልኝ!”

“ሰላም ብሎሃል። ግን ያለ ውሃ እያስነሣ አቃጠለኝ ብሎ እየከሰሰህ ነው።”

ዳኘ ይስቃል፤ ክሱም እውነት ነበር።

የነስሩ ባለቤት ሃቢባ ገበያ ውስጥ ቅመም ትነግድ ነበር። ልቧን ከታመመች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ትተኛለች፤ በመስኮቷ በኩል የእኔ ልብስ ማስጫ ይታያታል። ትንፋሽ ሲያጥራት “ነስሩ!” ብላ ትጣራለች። እሱ የያዘውን ቁልፍ ጥሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይገባል። ቀና አድርጎ በትራስ ይደግፋታል፣ መድኃኒቷን ይሰጣታል፣ እስኪለቃት አጠገቧ ይቀመጣል። ቀልጠፍ ካለ ይለቃታል። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነበር፤ ቶሎ ድረሱላት፣ ደግሞ አታስጨንቋት።

አምና ከክረምቱ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ነስሩ ካቻቢቴውን ትቶ መዳፉን ፓምፑ ላይ ያሳርፍ ጀመር። ድካም መሰለኝ። አንድ ቀን የጓሮዬ ቧንቧ ስላፈሰሰ በአጥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ ቀረ። ዞሬ ሄጄ ትከሻውን ስነካው ደነገጠ።

“አወቁብኝ እትዬ አዜብ?” አለኝ።

“ምኑን?”

“ጆሮዬ ሄዷል። በቀኙ ጭራሽ የለም፤ በግራው ሰው ፊት ለፊቴ ካልቆመ አይገባኝም።”

“ለሃቢባ ንገራታ።”

“እሷን ነው የምፈራው። ተጣርታ እንደማልሰማት ካወቀች በጭንቀት ትሞትብኛለች። በየሩብ ሰዓቱ እየገባሁ አያታለሁ። እባክዎ፣ አደራ።”

እሺ አልኩት። እውነትም ይገባ ነበር። የምቆጥርለት እስኪመስለኝ ድረስ ሲገባና ሲወጣ አየው ነበር። ሃቢባ ግን ተሸወደች፤ “ገና ሳልጠራው ይመጣል፣ ልቤን ነው የሚሰማው” እያለች ትኮራ ነበር። እኔም አደራዬን ጠበቅኩ።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። የዳኘ ፔንሲዮን እንግዳ ሞልቶበት፣ ውሃው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊሄድ ስለነበር ፓምፑን አጣድፎ አመጣለት። ነስሩ ሠርቶ ጨርሶ፣ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ቱቦውን ነክሮ ይሞክረው ነበር። እኔ አንሶላ እያሰጣሁ ነው።

“ነስሩ!” ስትል ሰማሁ።

ቆምኩ። ፓምፑ ያጓራል። አሁን ይገባል አልኩ፤ ሩብ ሰዓቱ ደርሷል። የባልና ሚስት መኝታ ቤት ሰተት ብሎ መግባት ደግሞ አልሆንልኝ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሳይጠራኝ የሰው ደጅ መርገጥ አልችልም።

“ነስሩ!” አለች እንደገና፤ አሁን ድምፅዋ ቀጭን ነው። የያዝኩትን የልብስ መቆንጠጫ አስቀመጥኩ። ሻሼን አስተካከልኩ። ሻሼን ለምን እንዳስተካከልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይኼኔ ድምፅዋ ቆመ። ደረሰላት ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩና ሁለተኛውን አንሶላ አነሣሁ።

ፓምፑ ግን ማጓራቱን አላቆመም ነበር።

በዚያው ቀን ቀበሯት። ድንኳኑ ውስጥ ነስሩ ግራሶ ያልለቀቀውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ለገባው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሁሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት።

“ነስሩ፣ ስትጠራህ ሰምቻለሁ” አልኩት። “ሁለት ጊዜ ጠራችህ። መግባት ነበረብኝ።”

ፊቱን አዞረና ግራ ጆሮውን አስጠጋልኝ። “ምን አሉኝ እትዬ? ትንሽ ጮክ ይበሉልኝ።”

ማዶ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ።

“እግዚአብሔር ያጽናህ ነው ያልኩህ” አልኩት ጮክ ብዬ።

“አሜን። እርስዎ መቼም ለእሷ እህት ነበሩ” አለኝ።

አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ለለቅሶ ሲመጣ የአባቱን ጆሮ አወቀ። በተመለሰ በወሩ እዚያው አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዞ፣ የመስሚያ መሣሪያ እንደሚገዛለትም ነግሮ ወረቀቱን ላከለት። ነስሩ በቀጠሮው ዋዜማ ንጋት ላይ የታጠበ ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ረፋዱ ላይ ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አየሁት። ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

“ምነው፣ መኪና ጠፋ?”

“ኧረ ሞልቷል። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ እሷ ከሌለች ማንን ልሰማበት ነው ብዬ ተመለስኩ።” ፌስታሉን ጭኑ ላይ አጣጠፈ። “ሌላ ቀን ያስይዝልኛል፤ ሰኞ እሄዳለሁ።”

ሰኞ አልሄደም። ልጁ ሁለተኛ ቀጠሮ አስያዘለት፤ ያም አለፈ።