ዓለምዘውድና የወደቡ ድምፅ ማጉያ

ዓለምዘውድ ጉግሳ ሕንድ አገር አራት ዓመት ተምራ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት አሰብ ስትመለስ፣ በራቸው ላይ ሦስት ሰዎች የተበላሸ ራዲዮ ታቅፈው ይጠብቋት ነበር። ከመካከላቸው ውብሸት የሚባለው የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ሳይጨርስ ራዲዮውን አስታቀፋት።

«ደህና ሲያወራ ይቆይና ማስነጠስ ይጀምራል» አላት።

ጥፋቱ የአባቷ ነው። አቶ ጉግሳ ወደቡ ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ናቸው። ልጃቸው «ኮሙኒኬሽን» እንደምትማር ሲሰሙ ትርጉሙን ጠየቁና «መገናኛ» ተባሉ። መገናኛ ደግሞ ለእሳቸው ስልክና ራዲዮ ነው። ከዚያ ወዲያ «ልጄ የስልክ መሐንዲስ ልትሆን ነው» ያላሉት ሰው ከአሰብ እስከ በይሉል አልተረፈም።

«አባባ፣ እኔ የተማርኩት ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ነው» አለቻቸው ምሳ ላይ።

አቶ ጉግሳ ጉርሻቸውን አየር ላይ አቆሙት። «መነጋገር? እሱንማ ጡት ሳትጥዪ ችለሽው አልነበር እንዴ!»

እናቷ ወይዘሮ ባዩሽ ሳቁ። «ይልቅ እሱን ከተማረችማ አንተንና ገሠሠን ታነጋግራችሁ!»

አቶ ጉግሳ ምሳቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።

አቶ ገሠሠ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት፣ ከአሰብ አዲስ አበባ በተሳቢ መኪና ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። የሁለቱን ወዳጅነት የበጠሰው ካራምቦላ ነው። አንድ እሑድ አቶ ገሠሠ የመቷት ኳስ ሌላዋን ነክታለች፣ አልነካችም ተባባሉ፤ አራት ዓመት ተኳረፉ። አንዱ ሌላውን መስደብ ሲያምረው የገዛ ዶሮውን ያባርርና «አንቺ ዓይን የሌለሽ!» ይላል። ማዶ ያለው ይሰማል፤ እሱም የራሱን ዶሮ ፍለጋ ይነሣል። በዚህ መሐል ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ።

ዓለምዘውድ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ወደቡ ላይ ሾፌሮችን በድምፅ ማጉያ እንድትጠራ ቀጠራት። የመጀመሪያ ቀን እንደተማረችው ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አርግባ፣ «የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ ቀጥሎ የምታደምጡት ከፍ ያለ ትኩረት የሚሻ መልእክት ነው» ስትል፣ ጥላ ፍለጋ ከመኪናቸው ሥር የተጋደሙት ሾፌሮች ብድግ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዱማ መስኮቷ ድረስ መጥቶ፣ «እኅቴ፣ ማን ሞተ?» አላት።

እንዲህ እያለች ስትሠራ፣ አንድ ረፋድ አባቷ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ክፍሏ ገቡ። ዓለምዘውድ ተጣርታ መጨረሷ ነበር፤ ማይክሮፎኑን ገና አልዘጋችውም። ቬንቲላቶሩ እንደ አውሮፕላን ስለሚጮኽ ድምፅ ማጉያው ውጭ የሚያስተጋባው ወደ ውስጥ አይሰማም። አቶ ጉግሳ ወንበር ስበው ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀመጡ።

«ያ የቆመው የገሠሠ መኪና ነው?»

«አዎ፣ ግን አባባ…»

«ከስቷል አይደል?»

«መኪናው?»

«ሰውየው እንጂ!»

ዓለምዘውድ ዝም እንዲሉ በሁለት እጇ ምልክት ሰጠቻቸው። «ምን ያወናጭፍሻል? ዝንብ ነው?» አሏትና ቀጠሉ። «ስሚ ልጄ። ኳሷ አልነካችም። እስክሞት አልነካችም። ግን ባለፈው ደሴ ላይ ታሞ ተኝቷል ሲሉኝ እህል አልዋጥ አለኝ።»

የዓለምዘውድ እጅ ማጥፊያው ላይ ደርሷል። አስተማሪዋ ክፍት ማይክሮፎንን እንደ ክፍት ጉድጓድ ፍሩት ይሉ ነበር። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ከእሱ ሌላ የማን ጨዋታ ይጥመኛል?» አሉ አቶ ጉግሳ።

ይህን ጊዜ የመኪናው ሁሉ ጡሩምባ አንድ ላይ አንባረቀ። «ምንድነው? ሰርግ አለ እንዴ?» ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተበርግዶ አቶ ገሠሠ ላብ በላብ ሆነው ገቡ።

«ነክታለች!» አሉ።

«አልነካችም!» አሉ አቶ ጉግሳ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይኸው ሆነ። ቀጥለው ተቃቀፉ። ወደቡም ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍንጫቸውን ሲስቡ አንድም ሳይቀር አዳመጠ።

የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ደስታው እየሮጡ መጡ። «ወይዘሪት ዓለምዘውድ! ይኼ የድርጅቱ ማይክሮፎን ነው ወይስ የቤታችሁ ጓዳ?» አሏት። ግን ሾፌሮቹ መስኮቱን ሞልተው «እሷ ካልጠራችን አንጭንም!» ሲሉ ኃላፊው ቁጣቸውን ዋጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ተጣርታ በጨረሰች ቁጥር ራሳቸው መጥተው ማይክሮፎኑን ይዘጉ ነበር።

ዓለምዘውድም «የተከበራችሁ» ማለቱን ተወችው። «ጋሼ ገሠሠ፣ ሻይህን ጨርስና ና፣ ተራህ ደርሷል» ስትል ሰው በአንድ ጥሪ ከተፍ ይላል።

በስልሳ ስድስት አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። የስንብቷ ቀን ሾፌሮቹ «ዛሬ እኛ እንናገርልሽ» ብለው ማይክሮፎኑን ተቀበሏት። ከዚያ ማን ይናገር በሚለው ተጣሉ። አንዱ ሲነጥቅ ሌላው ሲቀማ፣ የተሳፈረችበት መኪና ከወደቡ በር ወጣ። እሷም በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ቆይ እኔ ልቅደም!» «ዞር በል ወዲያ!» የሚለው ጩኸት እስኪርቃት ድረስ እየሳቀችና እንባዋን እየጠረገች አዳመጠች።