ሆድ ያለው ቤዝ ጊታር

ገመቹ ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የት እንደተወለደ፣ አስኮ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዘመን እንደሠራ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ እንዳየ ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው። ቤዝ ጊታር ይጫወት እንደነበር ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ልጆቹ አያውቁም፤ የሚያውቁት ደግሞ አብዛኞቹ ቀድመውት ሄደዋል። እኔ ስላለሁ እጽፈዋለሁ።

በ1964 ዓ.ም. ገመቹና እኔ ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ፋብሪካው ውስጥ ሶል ይለጥፋል፤ እኔ አናጢ ነበርኩ። ገመቹ ይንተባተባል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይንተባተባል። ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ገና ሲጀምር ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል። ሱቅ ሄዶ "ስ…" ሲል ስኳር ይመዘንለታል። የፈለገው ስንዴ ዱቄት ነው፤ ግን እንደገና ከመጀመር ስኳሩን ይዞ ይመለሳል። ሚስቱ ሰርኬ "ከኛ ቤት ስኳር አይጠፋም" እያለች ትስቅ ነበር።

የማይደናቀፍበት አንድ ቦታ ነበረው። ሠፈራችን ውስጥ ለሠርግ የምንጫወት አማተሮች ነበርን። ሰብስቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይመታል። እኔ አኮርዲዮን እይዛለሁ፤ አንድ ልጅ እግር ከበሮ ይመታል፤ ገመቹ ቤዝ ይጫወታል። እዚያ ማንም ተናገር አይለውም። እሱ ከመታ ሁላችንም ቀጥ ብለን እንሄዳለን፤ እሱ ካቆመ ሁላችንም እንበተናለን። ይህን ያውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለልምምድ ወደ ዕድሩ አዳራሽ ስንሄድ አረማመዱ ይለወጣል።

ቤዙ የእሱ አልነበረም፤ ከአንድ የወጣቶች ክበብ የተዋስነው ነው። ኅዳር ላይ ክበቡ ዕቃውን መልሱ አለ። ሰብስቤ በክፋት ሳይሆን እንደ ሥራ ኃላፊ ሆኖ ነገረን። የጥር ሠርግ ደርሷል፤ ያለ ቤዝ አንጫወትም፤ ቤዝ ይዞ የመጣ ሰው ቤዝ ይጫወታል አለ። ገመቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአግባቡ አልበላም።

መርካቶ ረሻድ የሚባል አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር። አገር ለቀው የሚሄዱ ፈረንጆች የሚተዉትን ሬዲዮ፣ የስፌት መኪና፣ ሸክላ ማጫወቻ ይገዛል። ሁለት ቤዝ አለው ሲባል፣ ገመቹ ፋብሪካ የሚመላለስባትን ብስክሌት እየገፋ፣ አብረን ሄድን። አንደኛው ከአንድ ወፍራም ጣውላ የተቆረጠ፣ ከባድ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነው። ሌላው ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ እንደ ክራር ባዶ የሆነ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት ነው። ረሻድ የሚሰካበት አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ፣ አልነበረውም። ገመቹ አንድ ነገር ሊጠይቀው ጀምሮ ነበር፤ ረሻድ ግን ጨረሰለት።

"ገባኝ ወንድሜ፣ ዋጋ ነው። ሁለቱም አንድ ዋጋ ናቸው፤ ብስክሌትህ። ሁለቱንም ውሰድና ሞክር፤ ሰኞ አንዱን መልስ። ብስክሌቷ እዚሁ ትቆየኝ።"

ግቢያችን ያኔ መብራት አልገባለትም ነበር። የባንዱ አምፕሊፋየር ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በዕድሩ ዳኛ እጅ ነው። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገመቹ ቤት ቁጭ ብለን ሳንሰካ በባዶው አወዳደርናቸው። እኔ የእንጨቱን ነገር አየሁለት፤ የሁለቱም አንገት ቀጥ ያለ ነበር። ገመቹ ክሮቹን ቃኘና አንዱን የሠርግ ዘፈን በሁለቱም መታው። ጣውላው የአጥር ሽቦ በጥፍር ሲነካ የሚሰማውን ያህል ብቻ ተሰማ። ቡናማው ግን ቤቱን ሞላው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ጎረቤታችን ዘመነች ደጅ የቆመ ካሚዮን አለ ወይ ብላ መጣች።

ሆኖም ቶሎ አልወሰነም። በጣውላው አንገት ላይ ጣቶቹ ይበልጥ ይሮጡለት ነበር፤ ደጋግሞ እየመለሰ አነሳው። ጆሮውን ለጠፈበት። ከበሩ መቃን ጋር አስደግፎ መታው። በመጨረሻ አልጋው ላይ አስቀመጠውና ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየገፋ ተናገረ።

"ጋሼ፣ ይ… ይሄ ሆድ የለውም። ሆድ የሌለው ነገር ድምፅ ከየት ያመጣል?"

እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ክራርም መሰንቆም ድምፁ ከሆዱ ነው። የክበቡን ቤዝ ተሰክቶ እንጂ ተነቅሎ ሰምተነው አናውቅም፤ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቅንም። ሰኞ ጣውላው ተመለሰ፣ ብስክሌቷም ቀረች። ገመቹ ከዚያ በኋላ አስኮ የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ ግን ማታ ማታ ቡናማውን ሲመታ ግቢው በሙሉ ይሰማው ነበር።

በልምምድ ቀን ምንም ችግር አልታየም። አጠገባችን የዕድር ስብሰባ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው የተጫወትነው። ጥር ላይ የመጀመሪያው ሠርግ መጣ። አዳራሹ ሞላ፣ ሰው ተንጫጫ፤ ሰብስቤ አምፕሊፋየሩን ከፍ አደረገው። ማጉያው ከገመቹ ጀርባ ነው የተቀመጠው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቤዙ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ማንም ሳይነካው አላዘነ። ገመቹ ክሮቹን በመዳፉ ሲያፍናቸው ዝም ይላል፤ ሲለቃቸው እንደገና ያላዝናል። ሙሽራዋ ጆሮዋን ያዘች። ከሚዜዎቹ አንዱ "ኧረ ውሻውን አስወጡልን" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብስቤ ሄዶ ገመዱን ነቀለው። ገመቹ ግን ከመድረኩ አልወረደም። ሠርጉ እስኪያልቅ የተነቀለውን ቤዝ ይዞ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ቆየ፤ ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ቡናማውን በጣውላው እንዲለውጥለት ረሻድ ዘንድ ሄድን። ተሽጧል። የሳንሱሲ ሠፈር ልጅ ወስዶታል አለን። ገመቹ የሆነውን ሊያስረዳ ሲታገል እኔ ነገርኩለት። ረሻድን አላስደነቀውም። ሆድ ያለው ዕቃ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ሆዱ ውስጥ እየገባ ያስጮኸዋል፤ ፈረንጆቹ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል አለ። ጣውላውስ ስለው፣ እሱማ ድምፁ ሁሉ ከኤሌክትሪኩ ነው አለኝ። ከዚያ ወደ ገመቹ ዞረ።

"መች ጠየቅኸኝ?"

ገመቹ ቡናማውን ተሸክሞ ወጣ።

ሰርኬ ትራሷን ተረተረችለት። ጥጡን በቀዳዳዎቹ እየከተተ በእንጨት ጠቀጠቀው። ያ ብርጭቆ ያንጫጫ የነበረው ድምፅ እጃችን ላይ ሞተ፤ ማታ ሲመታው ከግድግዳው ማዶ አልሰማሁትም። ሐሙስ ተሸክሞት ወደ አዳራሹ ሄድን። ስንገባ ጣውላው ተሰክቶ አገኘነው። የሳንሱሲው ልጅ፣ ዳንኤል ይባላል፣ ከሰብስቤ ጋር ይለማመዳል።

እኔ ነገሩን ለሰብስቤ አስረዳሁ፤ ጥጥ ሞልቶበታል፣ አይጮኽም፣ ስሙት አልኩ። ዳንኤል ጨዋ ልጅ ነበር፤ ተነሥቶ ገመዱን በሁለት እጁ ሰጠው። ገመቹ ሰካው። ሰብስቤ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ። አልጮኸም። ገመቹ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር መታ፤ እንደዚያ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም። ሲጨርስ ሰብስቤ መሬት መሬቱን እያየ እንዲህ አለ።

"ባለፈው ሠርግ እንዲህ ቢሆን ኖሮ። አሁን ግን ለዳንኤል ቃል ሰጥቼዋለሁ። የቅዳሜዎቹ ሙሽሮችም ሰምተዋል፤ ውሻ ያለው ባንድ አንፈልግም ብለውኛል።"

ገመቹ "እ… እኔ… እ…" አለ።

"እሺ ማለትህ ነው፤ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ነህ" አለ ሰብስቤ፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

ገመቹ ገመዱን ነቅሎ ለዳንኤል መለሰለት።

ቅዳሜ አኮርዲዮኔን ይዤ ለሠርጉ ስወጣ ገመቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቤዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሰርኬ ኪሮሽ ጥጡን ከቀዳዳው ይጎትታል። የውስጡ እንጨት ሸካራ ስለሆነ ጥጡን ይዞ አይለቅም፤ የሚወጣው ብጭቅጫቂ ነው። እየጎተተ ክሩን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጎትታል። የድሮው ድምፅ አልተመለሰም። ጀርባውን ልክፈትልህ፣ መልሼ አጣብቀዋለሁ አልኩት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ለ… ለሰብስቤ… ን…"

ጉዳዩን ነግሬለት አውቃለሁ እንጂ የጀመረውን ቃል ጨርሼለት አላውቅም። አኮርዲዮኑን መሬት አስቀምጬ ቆሜ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ለረጅም ጊዜ ታገለ። አልወጣለትም። በመጨረሻ ኪሮሹን በያዘው እጁ ወደ በሩ አመለከተኝ፣ ሂድ አለኝ። ሰብስቤን ምን በልልኝ ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።