ያልተመታችው ሦስተኛ ሪጎሬ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ ምክንያት የሰበታና የቡራዩ መንገዶች በሚዘጉበት ወቅት ነው። ዓመታት አልፈዋል። ግን ኳስ አስቀምጦ ወደኋላ የሚራመድ ሰው ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

ያኔ የሴቶች ቡድን በረኛ ነበርኩ። ቤታችን ሰበታ ነው፤ ክለቤ ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኝ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ በኋላም ኳሱን አልተውኩም። አባቴ «ዲግሪ ይዛ የተጠባባቂ ወንበር ታሞቃለች» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሁለት የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳልሰለፍ አልፏል።

በዚያ ሳምንት ዋናዋ በረኛችን ትከሻዋን ተጎዳች። አሰልጣኙ ደውሎ «ቅዳሜ አንቺ ነሽ። በሰዓቱ ካልደረስሽ ግን ከታዳጊዎቹ አንዷን አስገባለሁ። መንገድ ተዘጋ እንዳትዪኝ» አለኝ።

ቅዳሜ መንገዱ ተዘጋ። እናቴ «ዛሬስ ቅሪ» አለችኝ። ዛሬ ከቀረሁ ሁለተኛ የሚጠራኝ እንደሌለ አውቅ ነበር። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ወጣሁ።

ከከተማው መውጫ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ደረሱብኝ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ዓለም ገና ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነበር የሚሄዱት። «ብቻሽን አትሂጂ፤ አብረን እንሂድ» አሉኝና አብረን መራመድ ጀመርን። ታክሲ የለም፣ ሱቅ አልተከፈተም። አስፋልቱ ላይ የሚሰማው የእኛ እግር ብቻ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን ጭስ አየን። ጎማ እየተቃጠለ ነው፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ተዘግቷል። ከድንጋዩ ወዲያ ባለው ባዶ አስፋልት ላይ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። ሲያዩን ጨዋታውን አቆሙ።

«ኤሳ ዴምቱ?» አለ አንዱ፤ ወዴት ነው የምትሄዱት ማለቱ ነው።

አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ መለሱለት። እሳቸውን እንዲያልፉ ነገራቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ቦርሳሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ታኬታዬን አወጣ፣ ቀጥሎ ጓንቴን፣ ቀጥሎ ቱታዬን። ቱታውን ዘረጋው። ጀርባው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ክለብ የሚል ቃል የለበትም። ጮክ ብሎ አነበበው። ሌሎቹ ዙሪያዬን ከበቡኝ።

«የመንግሥት ነሽ? ማን ላከሽ?»

«የክለብ ልብስ ነው። በረኛ ነኝ» አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። አልተሰማም። በኦሮምኛ ደገምኩት።

«ምን አለች?»

«በረኛ ነኝ አለች።»

«የማን በር? የቤተ መንግሥቱን?» ሳቁ። ሳቁ ግን የሚያረጋጋ ሳቅ አልነበረም።

ኳሱን በእግሩ ሥር የያዘ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ረጅም ልጅ «ይሄማ ቀላል ነው። ሦስት ሪጎሬ እመታለሁ፤ ታሳየን» አለ።

«በረኛ ካልሆነችስ?» ሲል አንዱ ጠየቀ።

አዴ ጫልቱ «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ተዋት፤ እህትህ ናት» አሉት።

«አዴ፣ አንቱ ይለፉ። መንገዱ ክፍት ነው።»

«እሷ ሳታልፍ አላልፍም» ብለው መንገዱ ከተዘጋበት ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጡ።

ግቡ ሁለት ድንጋይ ነበር። መሐላቸው ገብቼ ቆምኩ። የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ኳሱን ከያዝኩበት በጓደኞቹ ፊት አሳፍረዋለሁ፤ ካልያዝኩ ደግሞ ውሸታም ነኝ። የትኛው እንደሚሻል ማወቅ አልቻልኩም።

የመጀመሪያዋን መታ። ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ኳሷ በጎኔ አለፈች። ጮሁ፤ አንዱ «በረኛዋ ተኝታለች» አለ።

ሁለተኛዋን አስቀመጠና ወደኋላ ተራመደ። አሰልጣኛችን ሁልጊዜ የመቺን ዓይን አትዩ፣ መሬት ላይ የሚተክለውን እግር እዩ ይለን ነበር። ግራ እግረኛ ነው። በዓይኑ ወደ ቀኜ አየ፤ የተተከለው እግሩ ግን ወደ ግራዬ ዞሯል። ልያዝ ወይስ ልተው ብዬ አልወሰንኩም። ሰውነቴ ብቻ ተወረወረ። ኳሷ መዳፌ ላይ አረፈች፤ እኔም አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ።

ከኋላ አንዱ «በሴት ተያዝክ?» አለ።

ረጅሙ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እኔ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እጅሽ ተላጠ» አለ። «ጓንትሽን ለምን አላደረግሽም?»

«እናንተ ጋ ነው» አልኩት።

በዚህ ጊዜ የሳቁት ከልባቸው ነው። ራሱ ሄዶ ጓንቱን አመጣልኝ። «አድርጊ። በኋላ ጓንት አልነበረኝም እንዳትዪ። አንድ ይቀራል።»

ጓንቱን አጥብቄ ቆምኩ። ኳሱን አስቀመጠ፣ ወደኋላም ተራመደ። ያን ጊዜ ከሰበታ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ተኩስ ተሰማ። ሁሉም ተበተነ።

እሱ ግን አልሮጠም። ቱታዬን ከመሬት አነሳና ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን ገለበጠው። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቶ አቀበለኝ። «እንዲህ ገልብጠሽ ያዥው። በአበባ እርሻው አጥር ሥር ሂዱ። ነጋን ገሊ» አለኝ፤ በሰላም ግቢ ማለቱ ነው። ከዚያ ጓደኞቹ ወደ ሄዱበት ሮጠ።

አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው አጥሩን ተከትለን ሮጥን። ከኋላችን ተኩሱ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ዓለም ገና፣ ልጃቸው ቤት፣ መዳፌን አጥበው በጨርቅ አሰሩልኝ። ከዚያ ወዲያ በእግርም በታክሲም ብዬ ሜዳው ደረስኩ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ጨዋታው መተላለፉን ነገረኝ። ተጋጣሚያችንም መንገድ ተዘግቶበት ተመልሷል። አሰልጣኙ እጄን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ወደቅኩ» አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ተሰለፍኩ። አራት የውድድር ዘመንም ተጫወትኩ። የሴቶች ጨዋታ ተመልካች ስለሌለው፣ ብዙ ሰው ከብቦኝ ግብ ላይ የቆምኩት ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ብቻ ነው።

ስሙን አልጠየቅሁትም። በነጋታው ከዚያ አካባቢ የቆሰሉና የሞቱ ወጣቶች እንዳሉ ሰማን። እሱ ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ መንገድ ሳልፍ ረጃጅም ወንዶችን አያለሁ፤ ኳስ የሚጫወቱ ካሉ ደግሞ በየትኛው እግራቸው እንደሚመቱ እስካይ እቆማለሁ።

ኳስ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ጓንቱ ግን አለ። አንድ ቀን መጥቶ የቀረችውን ቢመታ ደስ ይለኛል። ቢያገባብኝም ግድ የለኝም።