መልሼ የሞላኋቸው ጠርሙሶች

ይሄን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም፣ ለወለድኩት ልጄም አልነገርኩም። አሁን ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ሰሚ ሊያ ናት፣ የልጅ ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደሉን ለይታለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «እማማ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች። ቀስ ካልኩ አልጨርሰውም። ጻፊ ልጄ፣ ደግሞ እንዳታሳምሪልኝ።

እኔ ሌባ ነኝ። ስርቆቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? እኔ የሰረቅሁት በሌላ ሰው ሲላከክ ቆሜ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብያለሁ።

እዚህ አገር የመጣሁት ልጄን ተከትዬ ነው። እሱ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ከፍቶ ይነግዳል። እኔ ተቀምጬ መብላት አልሆነልኝም፤ አንድ ሽማግሌ ፖርቹጋላዊ ቤት ሥራ ገባሁ። አባባ ማኑዌል እላቸው ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የቀጠረችኝ ሴት ልጃቸው ሉሲያ ናት፤ እሷ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። እኔ አበስላለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ።

ስለ ወይኑ የነገሩኝም እግራቸውን ሳጥብ ነው። አገራቸው፣ አባታቸው ዳገት ላይ ትንሽ የወይን እርሻ ነበራቸው። ትንሽ ነው፣ ሠራተኛ አይቀጠርበትም፤ ቤተሰቡ ብቻ ይለቅመዋል። ከዚያ ከድንጋይ የተሠራ ገንዳ ውስጥ ይጨምሩትና እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቶማስ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው በእግራቸው ይረግጡታል። «ብርቄ፣ ይሄ እግር እኮ እስከ ገና ድረስ ቀለሙ አይለቅም ነበር» ይሉኛል። እኔም «ታዲያ ዛሬ ምነው ነጣ?» እላለሁ። ይስቃሉ።

ኋላ እሳቸው ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጡ፣ ቶማስ እዚያው ቀሩ። ከአባታቸው መሬት የደረሳቸውን ድርሻ ለወንድማቸው ለቀቁላቸው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ በየዓመቱ ከዚያ ዳገት ወይን እንዲልኩላቸው። ቶማስም አንድ ዓመት አላጎደሉም። በሣጥን ይመጣል፤ ጠርሙሱ ስም የለው፣ ሥዕል የለው፤ አፉ በሰም ተደፍኖ፣ ዓመቱ በነጭ ቀለም ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ከደረጃው ሥር ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደረደራል።

እኔ ስገባ አባባ ማኑዌል መጠጣት አቁመዋል። ሐኪሙ ጠብታ እንዳይቀምሱ ከልክሏቸዋል። ግን በየጠዋቱ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ጠርሙሶቹን በእጃቸው ይዳብሷቸዋል። ከዚያ ዘግተው ቁርስ ይበላሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ሜይፌር፣ የአገራችን ሰው የሚበዛበት ሰፈር ውስጥ፣ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ ተራ የደረሰው ይደግሳል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል። መጀመሪያ ተራ ሲደርሰኝ ጠላ ጠመቅሁ። ጌሾው የከረመ ነበር መሰለኝ፣ ጠላው ውሃ ሆነ። እትዬ አስካለ፣ ሜይፌር ትልቅ ሱቅ ያላት፣ ጽዋውን አንስታ አንድ ጊዜ ፉት አለችና፣ «ብርቄ፣ ጌሾው ጆሃንስበርግ ሳይደርስ ቀረ እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አገሬ ጠላዬ ከሩቅ የሚፈለግ ሴት ነበርኩ። ያን ሳቅ ይዤው ገባሁ፣ ይዤው ወጣሁ። ለሳቅ ተብሎ ይሄ ሁሉ? አዎ፣ ለሳቅ ተብሎ።

ተራዬ ዞሮ ሲመጣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት። ከፊት ያሉትን አልነካሁም። ከኋላ ያሉትን፣ አቧራ የጠጡትን አወጣሁ። ለምን? እኔ የማውቀው ጠላ ነው፤ ጠላ ሲከርም ይሆመጥጣል፣ ይደፋል። እነዚህም የተረሱ፣ የተበላሹ ናቸው አልኩ። ቢጎድሉ ማን ይፈልጋቸዋል አልኩ። እሳቸውስ ከእንግዲህ የት ሊጠጡ አልኩ። ስንት ነገር አልኩ!

ከዚያ ከፍቼ ቀመስኩት።

ምን ልበላችሁ? ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ቀይ ነው። ከዋጥኩት በኋላም አፌ ውስጥ አለ፣ አልሄደም። የከረመ መጠጥ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር። ያኔውኑ ገባኝ። የተበላሸ አይደለም፣ የተረሳም አይደለም። አቧራ እስኪጠግብ የተቀመጠው ተከብሮ ነው። ይሄን አውቄ መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩም። አውቄ ጄሪካን ውስጥ ገለበጥኩት፣ በታክሲ ጭኜ ሜይፌር ወሰድኩት።

አስካለ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች። «ከየት አመጣሽው?»

«እኔው ነኝ የሠራሁት። ከወይን ፍሬ።»

ቄሱ ደግሞ፣ «ይሄማ የቃና ዘገሊላው ነው!» አሉ። እልል ተባለ። ለሰረቅሁት እልል ተባለ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ።

ባዶዎቹን ጠርሙሶች እንዴት እንዳደረግኋቸው ልንገራችሁ። ከመጠጥ ሱቅ በካርቶን የሚሸጠውን ርካሽ ቀይ ወይን ገዛሁና መልሼ ሞላኋቸው። ቡሹን መክፈቻው በስቶት ስለነበር ገልብጬ፣ በመዳፌ መትቼ ከተትኩት። አፉን ደግሞ ጧፍ አቅልጬ ደፈንኩት፤ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጧፍ። ያን ጊዜ መብራት በየቀኑ ይጠፋ ስለነበር ቤቱ ሻማ ሻማ ቢሸት የሚጠይቅ የለም። በነጭ ቀለም የተጻፈው ዓመት እንዳለ ነው። ዓይን የደከመው ቀርቶ ዓይን ያለውም አይለየውም።

በዚያ ባቆም! ግን «የብርቄ ወይን» የሚባል ስም ወጣልኝ። ለፋሲካ የብርቄ ወይን፣ ለክርስትና የብርቄ ወይን። እምቢ እንዳልል ራሴ ሠራሁት ብያለሁ። እምቢ ማለትስ ፈልጌ ነበር? አልፈለግሁም። ሲያሞግሱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከኋላ ጀምሬ ወደ ፊት መጣሁ፤ አዲስ ሣጥን ሲመጣም እሱንም። በመጨረሻ ያ ቁም ሣጥን ውስጥ እኔ ያልገለበጥኩት አንድ ጠርሙስ አልቀረም።

ሊያ መጻፍ አቆመች። «የአቤል ክርስትና ላይ የተጠጣውም?» አለችኝ። አቤል ወንድሟ ነው። አዎ፣ እሱም። ጻፊው።

አባባ ማኑዌል ግን በየጠዋቱ መዳበሳቸውን አልተዉም። የእኔን የካርቶን ወይን ሲዳብሱ ከኋላቸው ቆሜ አያቸው ነበር። ከዚያ ቁርሳቸውን አቀርብ ነበር።

ከዚያ ታመሙ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የወደዱትን ስጧቸው አለ። ሉሲያም መጥታ እዚያው ማደር ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ትራሱን ተደግፈው፣ «ያን የመጨረሻውን ከኋላ አምጡልኝ» አሉ። አባታቸው በሕይወት እያሉ ሦስቱም አብረው የለቀሙት የመጨረሻው ወይን ነው። ለዚች ቀን ነበር ያስቀመጡት። እኔ የተረሳ ነው ያልኩት እሱን ነው።

ሉሲያ ከፈተች። ቡሹን አላየችውም፤ አባቷን ነበር የምታየው። አባባ ቀመሱ፣ ቆዩ፣ ፈገግ አሉ። «ሞቷል» አሉ። «እኔ ልቀድመው ስል ቀደመኝ።» ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በእርጅና ተመካኝቶ ያልፋል ብዬ ተነፈስኩ።

«ሌላ አምጪ» አሉ። ሉሲያ ያገቡበትን ዓመት አመጣች። ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ። ያኔም መናገር ነበረብኝ።

«ያለፈውን ዓመት አምጪ።» መጣ። ይሄን ገና አፋቸው ሳያደርሱት ከሽታው አወቁት። ብርጭቆውን አስቀመጡና በእንግሊዝኛ፣ እኔም እንድሰማው ይመስል፣ «ሁሉም አንድ ነው» አሉ። «የሱቅ ነው። ቶማስ ከሱቅ እየገዛ ነው የሚልክልኝ።»

ሉሲያ ራሷ ቀመሰች። አላመነችም። ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «ብርቄ፣ እስኪ አንቺ ቅመሺው፣ ይሄ ጥሩ ወይን ነው?» አለችኝ። ተቀብዬ ቀመስኩ። የገዛ እጄን ሥራ ቀመስኩ። «እኔ ወይን የት አውቃለሁ» አልኩ። የብርቄ ወይን ባለቤት፣ ወይን የት አውቃለሁ አልኩ!

ስልክ ተደወለ። አባባ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ይጮሁ ነበር። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ግን ከወዲያ በኩል የሽማግሌ ድምፅ «ማኑዌል፣ ማኑዌል» እያለ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። የተባለውን ኋላ ሉሲያ ነገረችኝ። «አባታችን የተከለውን ሸጠህ እኔን በሱቅ ወይን ስትደልለኝ ኖርክ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ነው ያሉት። ቶማስ በአባታቸው መቃብር ይምሉ ነበር አሉ። አባባ ስልኩን ዘጉት።

«ሁሉንም ድፉት» አሉ። የደፋሁት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ለቀቅሁት። አቀርቅሬ ስጣደፍ ሉሲያ ለአባቷ አዝኜ መሰላት፤ ትከሻዬን አቀፈችኝ። የሐዘን አልነበረም። የተገለበጠውን ቡሽ ማንም ሳያየው ቆሻሻ ውስጥ መክተቴ ነው። አሁን ማን ያውቅብኛል ነበር በልቤ።

አባባ ማኑዌል ብዙም አልቆዩ። ወንድም የለኝም እንዳሉ ሞቱ። ቶማስ ለቀብር ልምጣ ብለው ደወሉ፤ ሉሲያ እንዳትመጣ አለቻቸው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ፤ ለለቀስተኛ ሻይ ነበር የምቀዳው።

በዓመቱ ደግሞ ሣጥኑ መጣ። ተሰድበውም፣ ተባረውም፣ ላኩት። ሉሲያ ዓይኔ አይየው ብላ፣ «ለቤተ ክርስቲያንሽ ስጪው» አለችኝና መኪናዋ ውስጥ ጭና ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። አሁንስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ፈርቼ የመለስኩት? አልቅሼ የነገርኳት? ማኅበር ወሰድኩት። አስካለ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ ሣጥን መጥቶ አያውቅም።

ለነፍስ አባቴ ለምን አልተናገርኩም? እሳቸው ራሳቸው ባርከው የጠጡትን እንዴት ብዬ፣ ስል ኖርኩ። ውሸት ነው። አስካለ ፊት ያቺ ስም እንዳትወድቅብኝ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። የሰውን ወንድማማችነት በባለሙያ ስም ለወጥኩ።

ዛሬ የምናገረውም ደግ ሆኜ አይደለም። ባለፈው እሁድ ሉሲያ ልትጠይቀኝ መጣች። እስከ ዛሬ አልረሳችኝም፤ ብርድ ልብስ ይዛልኝ መጣች። አባቴን እስከ መጨረሻው ያልከዳሽ አንቺ ነሽ ትለኛለች። ሻይ እየጠጣን፣ ቶማስ አልጋ ይዘዋል አለችኝ። የልጅ ልጃቸው እየደወለች ትለምናታለች አሉ። ሌላ አይፈልጉም፤ የማኑዌል ልጅ አንድ ጊዜ «አምኜሃለሁ» ትበለኝ ይላሉ። ሉሲያ ግን፣ «አባቴን በሞት አልጋው ላይ ካዋረደ ሌባ ጋር ምን አነጋገረኝ» አለችኝ። እኔ ሲኒውን ከአፌ አላወረድኩም። ሻዩ ካለቀ በኋላም አላወረድኩትም። ሸኘኋት።

ይሄው ስንት ቀን ሆነ፣ ያ ሰውዬ አልሠራሁም ብሎ እየማለ ይሞታል። በእኔ ስርቆት ሌባ ተብሎ ይሞታል።

ሊያ «ብትከስስሽስ? አባዬስ ምን ይላል?» ትለኛለች። ትክሰሰኝ። አባትሽ የሚለውን ይበል። ማኅበሩ ያስወጣኝ፣ አስካለ ሜይፌርን ሙሉ ታስቅብኝ። እናንተም ይሄን የምታነቡ ይቅር አትበሉኝ፤ ከእናንተ አልወሰድኩም። ከአባባ ማኑዌል ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ መጀመሪያ የእኔን ይቅርታ አይደለም መስማት ያለባቸው፣ የሉሲያን ድምፅ ነው።

በይ ልጄ፣ እርሳሱን አስቀምጪና ለሉሲያ ደውዪ። አንቺ እንዳትነግሪያት፤ ለእኔ ስጪኝ። «ሉሲያ፣ አጎትሽ አልሰረቁም፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ» እላታለሁ። ይቺን ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ድሮም ነበረኝ።