ያለ ሳጥኑ የመጣ ሸክላ

የካ አባዶ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሁለት ነጠላ ሶፋዎች አሉ። አንደኛው የእኔ ነው። ሁለተኛው የባለቤቴ ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ሸክላዎቼ ተቆልለውበታል። መደርደሪያ ማሠራት አቅቶኝ አይደለም፤ ሶፋውን ባዶውን ማየት ስላልቻልኩ ነው። እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል ብዬ አልጨነቅም። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የሚወጣልኝ እንግዳ ከጠፋ ቆይቷል።

የምሰበስበው የድሮ አልበሞችን እንደገና አትመው በሳጥን የሚያወጧቸውን ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስትም አራትም ሸክላ ይኖራል፤ ከዚያ ደግሞ የዘፋኞቹ ታሪክና ፎቶግራፍ ያለበት ወፍራም መጽሐፍ። የእኛኑ አገር ዘፈኖች ሳይቀር እንዲህ አሳምረው የሚያሳትሙት ፈረንጆች ናቸው። እኛ የጣልነውን ለቅመው፣ አቧራውን አራግፈው፣ መልሰው ለእኛው ይሸጡልናል። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ከዚያ ሄጄ እገዛለሁ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሸክላ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለ። ሻጮቹ «ፋዘር መጡ» ብለው ወንበር ይስቡልኛል። ባልገዛም አይከፋቸውም፤ ጡረተኛ መሆኔን ያውቃሉ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ከጎኔ ቆማ ትልቅ ሳጥን ስታስጠቀልል «ማጫወቻው አለሽ?» አልኳት። «ኧረ የለኝም፣ ለዲኮር ነው» አለችኝ። ተናደድኩ። ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሰፈሬ ድረስ ለብቻዬ ስነጫነጭ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሶፋው ላይ የተቆለሉትን ሳይ ግን ግማሾቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም። እኔም ከልጅቷ አልሻልም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሙዚቃ ብቻዬን መስማት አልሆነልኝም። ባለቤቴ እያለች ሸክላ ማገላበጥ የእሷ ሥራ ነበር። አንዱ ገጽ ሲያልቅ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ትለኝና ተነሥታ ትገለብጠዋለች። አሁን ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው ባዶውን እየዞረ ይንኮሻኮሻል፤ የሚነሣ ሰው የለም። ልጅ አልወለድንም። ብቸኝነት በዓል ቀን ይብሳል ይላሉ፤ የእኔ ግን የሚብሰው ሸክላው አንድ ገጽ ሲያልቅ ነው።

አምና ጀርመን አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ በስልኬ ላከልኝ። ወጣቶች ሳለን አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የታየ የሙዚቃ ዝግጅት በዚያኑ ምሽት ተቀድቶ ኖሮ፣ አሁን በሳጥን ታትሟል። ቪዲዮው ላይ አንድ ፈረንጅ ሳጥኑን እየከፈተ መጽሐፉን ቶሎ ቶሎ ይገልጣል። በመካከል አንድ የታዳሚዎች ፎቶ አለፈ። ቪዲዮውን መልሼ አቆምኩት። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯን አፍሮ ያበጠረች ልጅ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ደብዝዟል። ባለቤቴ መሰለችኝ።

በዚያ ምሽት እዚያ አዳራሽ ነበርን። ገና ጓደኛሞች ነን፤ አልተጫጨንም። ከዚያን ጊዜ የቀረ አንድም ፎቶ የለንም፤ ያለን ከሠርግ ወዲህ ያለው ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን ተጨንቃ ነው የተነሣችው። እሷ መሆኗን ማወቅ ፈለግሁ። መፈለግ እንኳ አይገልጸውም። ስልኩን አቅርቤ፣ አርቄ፣ መነጽሬን አውልቄ አየሁ። ባጎላሁት ቁጥር ይበልጥ ይደበዝዛል። ለእህቴ ልጅ ደውዬ «ያንን ሳጥን ግዛልኝ፣ ሌላ ነገር ከአንተ አልፈልግም» አልኩት።

ገዛልኝ። እንደሚታወቀው ከውጭ ዕቃ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። እዚያ የምትኖር ልጇን ልትጠይቅ የሄደች አንዲት የሳሊተ ምሕረት ሰፈር ሴትዮ ስለተገኘች የእህቴ ልጅ ሳጥኑን ለልጇ ሰጣት። እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ሴትዮዋ መመለሷን የሰማሁ ዕለት ፂሜን ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ምራቷ ነች። ሴትዮዋን ሳያቸው «አንቺ» ማለቴን በልቤ ተውኩት፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። እንኳን ደህና መጡ አልኳቸው። ዕቃ ሊቀበል የሄደ ሰው ዕቃውን ቶሎ አይጠይቅም። ስለ ብርዱ ጠየቅሁ፣ ስለ አውሮፕላኑ ጠየቅሁ፣ ስለ እግራቸው እብጠት አወራን። ዓይኔ ግን የጓዳውን በር ይጠብቃል። በመጨረሻ ምራትየዋ አንድ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀጭን ነው። ፈታሁት። ሦስት ሸክላዎች ነጭ የወረቀት ከረጢታቸውን እንደለበሱ አሉ። ሌላ ነገር የለም።

«ሳጥኑስ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ካርቶኑን? ጣልነው» አሉ በኩራት። «ኪሎ በላብን። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ከማስከፈት ብለን። በካርቶኑ ቦታ የልጅ ልጆቼን ጫማ ከተትኩበት። ሸክላዎቹን ግን በፎጣ ጠቅልዬ በእጄ ነው የያዝኳቸው፤ አልተጫሩብዎትም፣ ይዩዋቸው።»

«መጽሐፍ ነበረው።»

«አዎ፣ እሱም ከባድ ነበር። እዚያ አገር ወረቀት የሚጣልበት በርሜል ለብቻው ነው፤ ልጄ እዚያ ከተተችው።»

ማንስ ቢሆን እንደዚያ አይደል የሚያደርገው? ከውጭ የመጣልኝ ጫማ ሁሉ ያለ ካርቶኑ ነው የመጣው። ሽቶም ቢሆን ጠርሙሱ ብቻ ነው ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚደርሰው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ካርቶኑን እጥለው ነበር። ሴትዮዋ በስተርጅና ሦስት ሸክላ እንደ ሕፃን አቅፈው አገር ያቋረጡት ለማያውቁት ሰው ብለው ነው። አመሰገንኩ። ሽማግሌ ሰው በሰው ሳሎን ማልቀሱ ነውር ስለሆነ የፎጣውን ጠርዝ ማጠፍ ጀመርኩ።

አስተዋሉኝ መሰለኝ። «መጽሐፉን ይፈልጉት ነበር?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔስ ሳስቼለት ነበር። ልጄ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፣ የምትመለሰው ማታ ነው። ቴሌቪዥኑ አይገባኝም፤ ጎረቤት የሚባል የለም። ያንን መጽሐፍ ሳገላብጥ ነበር የምውለው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ፊቱ ግን የኛ ሰው ፊት ነው።»

ቀና አልኩ። «አንዲት ልጅ ነበረች… ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ጠረጴዛ አጠገብ…»

«ፍንጭቷ?» አሉኝ።

ስለ ጥርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ቪዲዮው ላይ ጥርስ ቀርቶ አፍንጫም አይለይም። ባለቤቴ ፍንጭት ነበረች። ሠርጋችን ላይ ፎቶ ስትነሣ አፏን የገጠመችው እሱን ለመደበቅ ነው፤ እድሜ ልኳን ካሜራ ፊት ስቃ አታውቅም።

«ትስቃለች?» አልኳቸው።

«ኧረ ደስ ስትል! ያ ሁሉ ሰው ወደ ዘፋኙ አፍጥጧል፤ እሷ እቴ፣ ወደ በሩ ነው የምታየው። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣበት እጇን ጣል አድርጋበታለች። ለሰው ይዛ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ያ ሰው ምነው ቆየባት እል ነበር። ያውቋታል እንዴ?»

ለስላሳ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሰልፉ ረዘመብኝ። ሁለት ጠርሙስ ይዤ በሰው መሀል እየተጋፋሁ ስመለስ ዘፈኑ ተጀምሯል፤ እሷ ቦርሳዋን አንሥታ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ይህን ረስቼው ነበር። ሃምሳ ዓመት ምናምን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ምኑ ይታወሳል፣ ወንበር ነው።

«ባለቤቴ ነበረች» አልኳቸው። «ሰውየው መጥቷል፤ ብዙም አልቆየባትም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ «ምነው እጄን በቆረጠው!» ብለው ልጃቸውን ሊያስደውሉ ተነሡ። እንዳይደውሉ ለመንኳቸው። በርሜሉ ከተወሰደ ከርሟል። የእህቴን ልጅ በማግሥቱ ብጠይቀው ሌላ ሳጥን እንደማይገኝ፣ የታተመው ጥቂት እንደነበረና ተሽጦ እንዳለቀ ነገረኝ። ስልኬ ላይ ያለው ቪዲዮ አሁንም አለ፤ አሁንም ደብዛዛ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ለማጉላት አልሞከርኩም።

ያን ዕለት ቤቴ ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ኮቴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ የተቆለሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ አንሥቼ ወለሉ ላይ፣ በግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው። ወገቤን አመመኝ። ሶፋው ሥር የተወሸቀ የፀጉር መርፌ አገኘሁ፤ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አደረግሁና ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሰዎች ጫጫታ ተቀድቷል። ወንበር ይጎተታል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ራቅ ብሎ ሴት ትስቃለች። እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ነች ብዬ ራሴን አልሸነግልም። እኔ ያኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ እሷ ወደ በሩ ታያለች።

ገጹ አልቆ መርፌው መንኮሻኮሽ ሲጀምር ተነሣሁ። ሸክላውን ገለበጥኩት። ወደ ቦታዬ ስመለስ ከጎኔ ያለው ሶፋ ባዶውን ታየኝ። ቦርሳ አልያዝኩም። ኮቴን አወለቅኩና አጥፌ እዚያ ላይ አስቀመጥኩት፤ እጄንም ጣል አደረግሁበት።