ማኅተሙን ያስረከበ ሰው

መምህር ሰውአገኝ የገጠር ስብከተ ወንጌል ማኅበሩን ሃያ ሁለት ዓመት መርቶ፣ በጥምቀት ማግስት ለወጣቷ ጽጌሬዳ አስረከባት። ማኅተሙን ሰጣት፣ የቢሮውን ቁልፍ ሰጣት፣ መረቃት። የገጠር ካህናት ግን ዛሬም የሚደውሉት ለእሱ ነው። እሱም «እነግራታለሁ» ይላል፤ አይነግራትም። ሲፈልጉት ደስ ይለዋላ። በሬውን ሰጥቶ ገመዱን አልለቅ ያለ ሰው አስረከበ ይባላል እንዴ?

ዛሬ ጽጌሬዳ አቧራ ለብሳ ቁስቋም ሰፈር ካለው ቤቱ ድረስ መጣች። ከቆላ ድባ ማዶ ወዳለች ደብር ሰባኪያን ይዛ ብትሄድ፣ ሰው ሁሉ ጎረቤት ደብር ቀብር ሄዶ ኖሮ ዐውደ ምሕረቱ ባዶ ጠበቃት፤ ምክንያቱን የሚነግራት እንኳ አላገኘችም።

«መምህር፣ ሰው አልተቀበለኝም። ለዚህ ሥራ አልሆንም» አለችና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሰውአገኝ ክው አለ። ቀብሩን ትናንት ነግረውታል። እውነቱን ከአፉ ማውጣት ቢያቅተው ለደብሩ ቄስ ደወለና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው።

«አያ ሰውአገኝ» አሉ ቄሱ፣ «ምነው ልጂቱን ሰደዷት? ቀብር አለብን ብዬ ትናንት ነግሬዎት የለ?»

ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየችው። እሱ አቀርቅሮ፣ «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ ለእሷ ይደውሉ፤ ቁጥሯን ይያዙ» አለ።

ማኅተሙን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደህና ይዋሉም አላለችው።